ወደ ግራ የማይዞር መኪና

መስከረም 22

ለተከበሩ ጋሼ፤

ይህች ወረቀት እጅዎ ስትገባ ጤናዎ የተሟላ፣ ወገብዎም የማያስቸግርዎ ይሁን። እኛ ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል። ይህን በስልክ ልነግርዎ ነበር፤ ግን እርስዎ በደወሉ ቁጥር እማዬ ስልኩን ከእጄ ትነጥቅና «እንዴት ነህ፣ እንዴት ሰነበትክ፣ እንዴት ከረምክ» ስትል ካርዱ ያልቃል። ወሬ በወረቀት ይሻላል።

የላኩልን ቸርኬዎች ደርሰዋል! አራቱም ከነጎማቸው፣ አንድ ጭረት ሳይነካቸው። ሳጥኑ የተከፈተ ዕለት ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ግቢያችን ገባ። ፋርማሲስቷ እንኳን ሱቋን ዘግታ መጣች። አንዱ «ይሄ የመኪና ነው የአውሮፕላን?» አለ። የሰፈሩ ጎሚስታ አስሮ ሲጨርስ ሁሉም ከቦ አየ። ጎማው ከላዩ ከሚሸፍነው ከፓራፋንጎው ወጣ ብሎ፣ ሰፋ ብሎ፣ ሲያዩት ያስፈራል።

እማዬ በሳጥኑ ውስጥ የላኩላትን ወረቀት ሦስቴ አስነበበችኝ፤ «ቸርኬው ቀድሞኝ መጣ፣ እኔም ተከትዬው እመጣለሁ» ያሉትን። አሁን በር ለረገጠ ሁሉ የምትናገረው ይህንኑ ነው። «ወንድሜ መንገድ ላይ ነው» ትላለች፣ ጎማውን በጨርቅ እያሸች።

እኔም እንደ ወትሮው አራቱን አስተማሪዎች ደንበኞቼን ጠዋት ዳገቱ ላይ ወዳለው ትምህርት ቤት አደርሳለሁ፣ ከሰዓት እመልሳለሁ። እርስዎ ወደ ሰው አገር ሲሄዱ «እስክመጣ አንቀሳቅሺው፣ ቆሞ እንዳይዝግ» ብለው ቁልፉን የሰጡኝ መኪና ይኸው አስራ አንድ ዓመት እኔንና እማዬን አኖረን።

አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ። ወደ ግራ ስዞር ከፊት በኩል ድምፅ አለ። ምንም አይደለም፤ አዲስ ስለሆነ ይሆናል።

እንደ አባት የምታይዎ የእህትዎ ልጅ


ጥቅምት 15

ለወይዘሪት ሾፌር፣ ለእህቴ ልጅ፤

ሰላምታዬ ከዚህ ከዘይትና ከላስቲክ ሽታ መሃል ተነሥቶ እናንተ ዘንድ ታጥቦና ተጣጥቦ ይድረስ። እህቴን ያን የሚያኮርፍ ጉልበቷን ሳሚልኝ።

ደብዳቤሽን ጋራዥ ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። «ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ገባ» ያልሽው ጋ ስደርስ እንደገና ከላይ ጀምሬ አነበብኩት። ደስ ብሎኛል፣ ምን እደብቅሻለሁ።

እንዲሁ ከመደርደሪያ አንሥቼ የላክኋቸው እንዳይመስልሽ። ቸርኬ መምረጥ ሚስት ከመምረጥ አያንስም። ሰው ውበቱን ያያል፤ እኛ ግን የምናየው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ስፋቱ ነው። ሌላው እዚህ ኦፍሴት የሚሉት ነው፤ ቸርኬው ከመኪናው ጋር በብሎን የሚታሰርበት ፊት ከራሱ ከቸርኬው መሃል ምን ያህል ፈቀቅ እንዳለ ማለት ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል፤ ሲበዛ ወደ ውስጥ ይገባና ከአሞርዛተሩ ጋር ይሳሳማል። የድሮው ስፋቱ ስድስት ኢንች፣ ኦፍሴቱ አርባ አምስት ሚሊሜትር ነበር። ጎማው ፓራፋንጎ ሥር ተሸማቆ እንደ አዲስ ምራት ነበር የሚቀመጠው። ይሄኛው ስምንት ኢንች፣ ኦፍሴቱ ሃያ አምስት። ደረቱን ነፍቶ ይቆማል። የኔ መኪና እንዲህ ነው መቆም ያለበት።

በግምት ደግሞ አልሠራሁም። አንድ ደንበኛ የኔኑ ዓይነት መኪና፣ ዓመቱም ያው፣ ይዞ መጥቶ መኪና በሚያነሣው ሊፍት ላይ ተሰቅሎ ሳለ አራቱንም አሰርኩበት። መሪውን ግራ ቀኝ አዞርኩ። በጎማውና በፓራፋንጎው መሃል ጣቴን ከተትኩ፤ እንደ ልቡ ገባ ወጣ። ስለዚህ ድምፅ ያልሽው ጎማው እስኪላመድ ነው። ጆሮ ዳባ ልበስ በይው።

አንድ አደራ አለኝ። ፓራፋንጎዎቹን ማንም እንዳይነካብኝ፤ በተለይ የቀኙን የፊቱን። ያን ጊዜ ከግንብ ጋር ሲጋጭ በገዛ እጄ ቀጥቅጬ፣ ስቱኮ ለብጬ፣ ቀለሙን ቀብቼ የመለስኩት ነው። ስመጣ መጀመሪያ ጎንበስ ብዬ ፊቴን የማየው እዚያ ላይ ነው።

ፎቶ ላኪልኝ። ከጎን፣ ፀሐይ ከኋላሽ ሆና። ሰው እንዳይኖርበት።

መንገድ ላይ ያለው አጎትሽ


ኅዳር 3

ለተከበሩ ጋሼ፤

አክብሮት የተሞላ ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። እማዬ ጉልበቷ በመሳሙ ሁለት ቀን ሙሉ ደረጃ ወጣች ወረደች። ፎቶው አብሮ አለ። ከጎን ነው፣ ሰው የለበትም፣ ቆሞ ነው። ቆሞ ሲያዩት እውነትም ንጉሥ ነው።

ሲሄድ ግን ልንገርዎ። ድምፁ አልተላመደም፤ የተላመድኩት እኔ ነኝ። ባዶውን ሲሆን ደህና ነው። አራቱ አስተማሪዎች ሲገቡ ይጎነበሳል፤ ያኔ ጉድጓድ ካገኘን ከኋላ «ግርርር» ይላል። ወደ ግራ ስጠመዝዝ ደግሞ መኪናው በቀኝ በኩል ይደፋና ከቀኙ የፊት ጎማ «ፍቅፍቅፍቅ» ይመጣል። ጎማው በውጭ በኩል ትከሻው ተልጧል። የፓራፋንጎው ከንፈር ከውስጥ በኩል ከመፋቁ የተነሣ ያብረቀርቃል። ላስቲክ የተቃጠለ ይሸታል። የሒሳብ አስተማሪዋ አፍንጫዋ ላይ መሐረብ ይዛ ነው የምትሄደው።

ስለዚህ ወደ ግራ መዞር ተውኩ። አይሳቁብኝ። ከቤት ስወጣ መንገዴ ፋርማሲው ጋ ወደ ግራ ነበር። አሁን ፋርማሲውን አልፌ ዳቦ ቤቱ ጋ ወደ ቀኝ፣ አናጺዎቹ ጋ እንደገና ወደ ቀኝ፣ ከዚያ እንደገና ወደ ቀኝ እልና ፋርማሲውን ከጎኑ በኩል አገኘዋለሁ። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት እኔ ነኝ። አናጺዎቹ መጀመሪያ ሰላም ይሉኝ ነበር፤ አሁን «ተመለሰች!» ይላሉ።

የስፖርት አስተማሪው ከአራቱ ወፍራሙ ነው። ሁልጊዜ ከፊት በቀኝ ይቀመጥ ነበር፤ ወደ ኋላ በግራ አዛወርኩት። «በኪሎ ነው እንዴ የምትጭኚን?» አለኝ። ሌሎቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

የድሮዎቹን ቸርኬዎች ልመልስ ብል እማዬ ለውሃ አመላላሹ ሰጥታቸዋለች። ሁለት ጋሪ ላይ አስበይዷቸዋል። በየጠዋቱ በአጠገቤ ኮሽ ሳይሉ ያልፋሉ። ጎሚስታው «በቸርኬውና በመኪናው መሃል ክብ ብረት እናስገባ፣ ቦታ ያገኛል» ይለኛል። ላስገባ? ወይስ ሌላ የሚያውቁት ነገር አለ? እባክዎ ቶሎ ይመልሱልኝ፤ ጭንቅ ላይ ነኝ።

ታዛዥዎ የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 2

ለወይዘሪት ሾፌር፤

ሰላምሽ ይብዛ፣ መንገድሽ ይቃና፣ ክፉ ዓይን አይይሽ።

ፎቶውን ግድግዳዬ ላይ ለጠፍኩት። ክፍሌ ከጋራዡ በላይ ናት፤ አንድ አልጋ፣ አንድ መስኮት። መስኮቱ የሚያሳየኝ ሊፍቱን ነው። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ የማየው የሰው መኪና ሆድ ነው። አሁን ቢያንስ የራሴን መኪና ጎኑን አያለሁ።

የዘገየሁት በወረቀቴ ምክንያት ነው። የመኖሪያ ፈቃዴ ላይ ያለው የአለቃዬ ስም ነው፤ እሱ ካልፈረመ አይታደስም። ልፈርም ነው፣ ነገ ነው እያለ ወሩን ሙሉ ጎማ አሸከመኝ። እሱን ተይው፣ ለእህቴም አታንሺላት።

አሁን ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ስፋቱ በሁለት ኢንች ጨመረ፤ ግማሹ ወደ ውስጥ፣ ግማሹ ወደ ውጭ። ኦፍሴቱ በሃያ ሚሊሜትር ቀነሰ፤ ያ ሙሉ በሙሉ ወደ ውጭ። ሲደመር ጎማው ከድሮው አራት ሴንቲ ተኩል ያህል ወደ ውጭ ወጥቷል። አውቄ ነው ያደረግሁት። ስለዚህ በጭራሽ፣ በጭራሽ ያን ክብ ብረት እንዳታስገቢ! እሱ ከውስጥ ለሚነካ ጎማ ነው፤ ከውጭ የሚነካውን ይባስ ብሎ ይገፋዋል። ያ ጎሚስታ ከወዴት ነው የወደቀብን?

ይልቅ የኋላውን ሞላ ከፍ አስደርጊ። በጥምዝምዙ መሃል የሚገባ ጠንካራ ላስቲክ አለ። ያኔ አይጎነበስም። ያ ወፍራም ሰውዬ ደግሞ ሌላ መኪና ይፈልግ። ሦስት ሰው ጫኚ። ሁለትም ቢሆን ይበቃል። መኪናው እኮ የአህያ ጭነት አይደለም።

ፓራፋንጎውን አደራ።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 24

ለተከበሩ ጋሼ፤

ሰላምና ጤና ለእርስዎ ይሁን።

«በጭራሽ» ያሉበት ደብዳቤ የደረሰኝ ክብ ብረቱ ከገባ በኋላ ነው። ጠበቅኩ ጠበቅኩና የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ሆነብኝ። ከድጡ ወደ ማጡ ገባሁልዎ። ወደ ቀኝ ስዞርም መፋቅ ጀመረ። አንድ ጠዋት ግራም ቀኝም መዞር ፈርቼ ቀጥ ብዬ ስነዳ ከከተማው መውጫ ደረስኩ። የሒሳብ አስተማሪዋ መሐረቡን ከአፍንጫዋ አነሣችና «ዛሬ ሽርሽር ነው?» አለች። በዚያ ቀን የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አመለጣቸው።

ብረቱን አስወጣሁ፤ የእርስዎን ላስቲክ አስገባሁ። መፋቁ ቀነስ አለ፣ ግን መኪናው እንደ ፍየል ይዘላል። የጂኦግራፊ አስተማሪው ጭንቅላቱን ጣራው ላይ ሲመታ አንዲት ቃል አወጣ፤ አስተማሪ አይናገራትም። በሳምንቱ ላስቲኩ ተጨፈለቀና ፍቅፍቁ ተመለሰ። አሁን መፋቁም መዝለሉም አለን።

ጋሼ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ቁም ነገር ያንብቡልኝ። አስተማሪዎቹ ተመካክረው ነገሩኝ። እስከ መጋቢቱ ዕረፍት ይታገሱኛል። ትምህርት ሲከፈት መኪናው እንዲህ ከሆነ ሌላ ሰው ይይዛሉ። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ እያዘኑ ነው የነገሩኝ፣ ወፍራሙ እንዲያውም ቀና ብሎ አላየኝም። እነሱን ካጣሁ ግን እኔና እማዬ የምናድርበት ሌላ ሥራ የለም። መኪናውም ለሌላ ሥራ አይሆንም፤ የሚሸተውን ማን ይሳፈራል?

ሁለት ሰው ጫኚ አሉኝ። ጋሼ፣ መኪናው ሰው ይጭናል። ሥራው ያ ነው። እርስዎ የላኩት ቸርኬ የሚወደው ባዶ መኪና ነው።

ሁለት መንገድ ነው ያለኝ። ወይ የቀኙን ፓራፋንጎ ከንፈር ወደ ውስጥ ላሳጥፍ፣ ስቱኮው ቢረግፍም ይርገፍ። ወይ እነዚህን አውልቄ ጠበብ ያሉ ቸርኬዎች ልሰር። አንዱን ይፍቀዱልኝ። መኪናው የእርስዎ ነው፤ ያለ ቃልዎ አልነካውም።

እማዬ ደግሞ ሁለቱንም አትሰማም። «የወንድሜን የእጅ ሥራ ልታጣምሚ? የላከውን ልታወልቂ? ነገ ሲመጣ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?» ትላለች። ጎማው ሲፋቅ ግቢ ውስጥ ሆና ትሰማዋለች። «ተይው፣ አለሁ እያለ ነው» ትለኛለች።

መልስዎን በጉጉት የምጠብቅ የእህትዎ ልጅ


ጥር 22

ለተከበሩ ጋሼ፤

ጤና ይስጥልኝ።

መልስ የለም። ስልክም የለም። ደብዳቤው ደርሶዎት እንደሆነ ፖስታ ቤት ሄጄ ጠየቅሁ፤ ልጅቷ ትከሻዋን ሰበቀችልኝ።

ትናንት ከትምህርት ቤቱ ቁልቁል ስንወርድ አንዲት ሴትዮ ዕቃ ተሸክማ ከበስተቀኝ ድንገት ገባችብኝ። ወደ ግራ መጠምዘዝ ነበረብኝ። ጠመዘዝኩ። ጎማው ፓራፋንጎውን ነከሰው፣ መሪው እጄ ላይ ደነደነ፣ መዞር ካለበት ግማሹን ብቻ ዞረ። ሴትዮዋን ለጥቂት አመለጥኳት። ፍሬን ይዤ የቆምኩት ከመንገዱ ዳር ግንብ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነው። የስፖርት አስተማሪው ወርዶ ጎማውን አየና «ነይ አንቺም እይ» አለኝ። ትከሻው ተቆርጦ የውስጡ ክር ወጥቷል።

ማንም አልተጎዳም።

እማዬን «በቃ፣ ላውልቀው ነው» አልኳት። «ቃሉ ሳይመጣ?» አለች። ቃልዎ እውነትም አልመጣም። የማላወልቀው ጎማ፣ የማላጥፈው ፓራፋንጎ፣ የማልዞርበት መንገድ። በገዛ ግቢዬ ታስሬአለሁ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይላሉ። የእርስዎ ላም ግን ምድር ላይ ናት፤ እኔ ነኝ ከሥሯ ተቀምጬ እንዳትነኪያት የተባልኩት።

በድፍረት ከተናገርኩ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አይ፣ አያድርጉልኝ። ተናድጃለሁ።

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 8

ለእህቴ ልጅ፤

ዛሬ ሰላምታ ማሳመር አልሆነልኝም። ደህና ሁኚልኝ ብቻ።

ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። የመጀመሪያው ሲደርሰኝ ተቆጣሁ። «የሚወደው ባዶ መኪና ነው» ያልሽው አንጀቴን አሳረረው። ይህች ልጅ እኔን ሥራዬን ልታስተምረኝ ነው ብዬ ትራስ ሥር ከተትኩት። መልስ ያልሰጠሁሽ ስለዚህ ነው፣ ሌላ እንዳታስቢ።

ሁለተኛው የደረሰኝ ዕለት ደግሞ ያ የኔን ዓይነት መኪና ያለው ደንበኛ ዘይት ሊያስቀይር መጣ። ባለቤቱን ለምኜ፣ አለቃዬ ምሳ እስኪሄድ ጠብቄ፣ የአንቺኑ ዓይነት ቸርኬዎች አሰርኩበት። ከሊፍቱ አወረድኩት። ከዚያ አብረውኝ የሚሠሩትን «ኑ ግቡ» አልኳቸው። አራቱ ገቡ፤ ዳቧቸውን እየበሉ፣ እየሳቁ፣ ሽርሽር የምወስዳቸው መስሏቸው። መሪውን ወደ ግራ አዞርኩና ተንበረከክሁ። በጎማውና በፓራፋንጎው መሃል ጣቴን ልክተት አልኩ። ጥፍሬም አልገባም። ያ መኪና ደግሞ ተጋጭቶ የማያውቅ ነው፤ ስቱኮ የሚባል የለበትም። የኔ ፓራፋንጎ ስቱኮ ለብሶ ወደ ውስጥ ገባ ማለቱን እኔ ነበርኩ ማወቅ የነበረብኝ። ልጆቹ ከውስጥ «ምን ሆንክ?» እያሉ በመስኮት ያዩኛል። ተንበርክኬ ቀረሁ።

እኔ እኮ መኪና የማየው ተሰቅሎ ነው። ጎማው አየር ላይ ተንጠልጥሎ፣ ውስጡ ነፍስ ሳይኖር። እዚህ መንጃ ፈቃድ የለኝም። ከመጣሁ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳን መሪ ጨብጬ ሰው አጠገቤ አስቀምጬ አልነዳሁም። መኪና ሰው ሲገባበት እንደሚጎነበስ ረሳሁት። ይህን የሚረሳ ሰው ምን ዓይነት ኑሮ እንደሚኖር አንቺው አስቢው። አንቺን ግን በዚያች ሴትዮ ላይ ላስነዳሽ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው።

አውልቂያቸው። ስፋቱ ስድስት ተኩል ኢንች የሆነ፣ ኦፍሴቱ ከአርባ የማያንስ ከአርባ አምስትም የማይበልጥ ፈልጊ። የኔዎቹን የሚለውጥሽ አይጠፋም፤ ሰው የማይጭን ሰው ፈልገሽ ስጪው። አዲሶቹ ሲታሰሩ ባዶ መኪና ላይ እንዳትለኪ። አራቱንም አስገቢያቸው። ወፍራሙን ሰውዬ በቀኝ በኩል አስቀምጪው፣ ይቅርታም ጠይቂልኝ። መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሪና ጣትሽን ክተቺ። ጣት እንደ ልቡ ከገባ መንገድሽን ሂጂ። ፓራፋንጎውም ካስፈለገ ይታጠፍ።

ሌላም ልንገርሽ። መኪናው ከዛሬ ጀምሮ ያንቺ ነው። የስም ማዛወሪያውን አስፈርሜ እልክልሻለሁ። አለቃዬ ወረቀቴን ፈርሞልኛል፤ ለእሱ ብቻ እንድሠራ ነው። ከዚህ በር ከወጣሁ ተመልሼ አልገባም። የቀረውን አንቺው ተረጂው። ለእህቴ ለጊዜው ምንም አትበያት።

አጎትሽ


የካቲት 27

ለተከበሩ ጋሼ፤

ከልብ የሆነ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ደብዳቤዎን መኪናው ውስጥ ተቀምጬ አነበብኩት፤ አለቀስኩ፣ ከዚያ ጣትዎንና ዳቦ የሚበሉትን ልጆች እያሰብኩ ሳቅኩ፣ እንደገና አለቀስኩ። ስለ መኪናው ምን እንደምልዎ አላውቅም። አመሰግናለሁ ማለት ያንሳል፤ ደስ አለኝ ማለት ደግሞ አፌን ይይዘኛል።

ጎሚስታው ልክ እንዳሉት ያሉ ቸርኬዎች አገኘ። መኪና ለፎቶ ቤት የሚያከራይ ሰው ሊለውጠን ተስማማ። ትናንት ጠዋት ጎሚስታው ክሪኩን ይዞ መጣ።

እማዬ ወጣች። «ምን ልታደርጉ ነው?» አለች። «ጋሼ ፈቅደዋል» አልኳት። «አንብቢልኝ» አለች። አነበብኩላት፤ እንደ ሁልጊዜው እያለሳለስኩ፣ የማይነገረውን እየዘለልኩ። እማዬ ፊደል አትለይም፣ የኔን ድምፅ ግን ታነባለች። «ዘለልሽ» አለችኝ። «አልዘለልኩም» አልኩ። ወደ ቤት ገባች፣ ወንበር ይዛ ወጣች፣ ከቀኙ የፊት ጎማ ጋር አስጠግታ ተቀመጠች። ጀርባዋን ጎማው ላይ ደገፍ አደረገች።

«ይሄ ከተፈታ አይመጣም ማለት ነው» አለች። «አይመጣም ከሆነ ራሱ ይንገረኝ።»

ጎሚስታው ቆመ፣ ቆመ፣ ክሪኩን አንጠልጥሎ ሄደ። ዛሬም ጎህ ሳይቀድ ወጥታ እዚያው ተቀምጣለች። ምሳዋን እዚያው አቀረብኩላት። ለአላፊ አግዳሚው «አየር እየተቀበልኩ ነው» ትላለች። ጎትቼ አላነሣት ነገር እናቴ ናት፤ መኪናውን አላንቀሳቅስ ነገር ተደግፋዋለች።

ትምህርት ቤቱ ለዕረፍት ተዘግቷል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰኞ ይከፈታል። አስተማሪዎቹ ትናንት ሰው ልከው ጠይቀውኛል። «ይደርሳል» ብያለሁ። ይህን በፈጣን ፖስታ የላክሁት ለዚህ ነው።

ጋሼ፣ አስራ አንድ ዓመት በመሃላችሁ የቆምኩት እኔ ነኝ። እርስዎ «ምናልባት በሚቀጥለው ዓመት» ሲሉ እኔ «በቅርቡ» እያልኩ አነበብኩላት። እሷ «ለምን ዋሸኝ» ስትል እኔ «ትናፍቅዎታለች» ብዬ ጻፍኩ። ደከመኝ። አሁን ለእናቴ «አይመጡም» ብዬ የምነግራት እኔ አይደለሁም። ስልክ አይደውሉ፤ በስልክ ሁለታችሁም ትዋሻላችሁ። ይጻፉላት።

የእህትዎ ልጅ


መጋቢት 7

ለእህቴ፣ ለታላቄ፤

ይህን በፈጣን ፖስታ የላክሁልሽን ደብዳቤ የምታነብልሽ ልጅሽ ናት። የተጻፈውን ብቻ ታንብብ፤ አንድ ቃል እንዳትጨምር፣ አንድ ቃል እንዳታስቀር። ድምፅዋ ከቀጠነ ከመጀመሪያው አስጀምሪያት።

እህቴ፣ አልመጣም።

ይህችን ቃል ለመጻፍ ስንት ወረቀት ቀደድኩ መሰለሽ። ዘንድሮ ሳይሆን ከርሞ አላልኩም። ወረቀቴ ሲያልቅ፣ አለቃዬ ሲለወጥ፣ ወገቤ ሲሻለው አላልኩም። አልመጣም ነው ያልኩት። ከዚህ ከወጣሁ አያስገቡኝም። እዚያ ብመጣ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ የምይዘው ሥራ የልጅሽን መኪና ብቻ ነው፤ ከእጇ አልነጥቃትም።

«ቸርኬው ቀድሞኝ መጣ» ያልኩሽ ሰውነቴን መላክ ስላልቻልኩ ነው። ሳጥኑን ስቸነክር እንደማልከተለው አውቅ ነበር። አንቺ ስታምኚው ግን እኔም ትንሽ ትንሽ አመንኩት። ፎቶውን እያየሁ አንቺን ከጎኔ አስቀምጬ ስነዳ አስብ ነበር። በሃሳቤ ጎማው አንድም ቀን ፓራፋንጎውን ነክቶ አያውቅም።

አልቅሺ። እኔም እያለቀስኩ ነው፤ እዚህ የሚሰማኝ የለም። ስድብም ካለሽ ስደቢኝ፣ ታላቄ ነሽ። እያለሳለሰች እንዳትጽፈው ንገሪያት፤ እንዳለ ይድረሰኝ።

ግን ስሚኝ። እኔ እዚህ ክፍል ውስጥ ነኝ፤ መውጫዬን ፈልጌ አጥቻለሁ። ልጅሽ ግን መውጫ አላት። አሁን መውጫዋ ላይ የተቀመጥሽባት አንቺ ነሽ፣ እኔን ብለሽ። እኔን አትበይ።

ተነሺ እህቴ። ወንበሩን አንሺላት፤ ሰኞ ሥራ ትገባለች።

ወንድምሽ